ከንፈር የማይመጠጥለት ሹፌር

አካል ጉዳተኛ ስናይ ከንፈር መምጠጥ ይቀናናል። ልማዱ ሻንጣችን ውስጥ ገብቶ ውጭ አገርም አብሮን መጥቷል። የጣሊያናዊውን አሌክስ ዛናርዲን ታሪክ ሳስብ ግን የእኔ ከንፈር እምቢ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ጀርመን፣ ላውዚትስሪንግ ላይ ሲወዳደር ተጋጭቶ ሁለቱንም እግሮቹን አጣ። በ2003 እዚያው ተመልሶ፣ በእጅ በሚታዘዝ መኪና የቀሩትን 13 ዙሮች ጨረሰ። በኋላ ቢኤምደብሊው ይዞ ሲወዳደር ነዳጁን ከመሪው ላይ በእጁ ይሰጣል፤ ፍሬኑን ግን (ይህቺ ናት የምትገርመኝ) በሰው ሠራሽ እግሩ ይረግጣል! በ2005 ኦሸርስሌበን ላይ አሸነፈ። አዲሶቹን እግሮች ሲያሠራ ቁመቱን ትንሽ ጨመር እንዳደረገም እየቀለደ ያወራ ነበር።

ለንደን ላይ በእጅ ብስክሌት ሁለት የፓራሊምፒክ ወርቅ ሲወስድ 45 ዓመቱ ነበር።