ፓምፑ ከመገዛቱ በፊት ጉድጓዱ ይለካ

የበጋ መስኖ ሥራ ሲቃረብ በየወረዳው ከሚነሡ ጥያቄዎች ቀዳሚው የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ነው። አርሶ አደሩ በግሉም ሆነ በማኅበር ሲገዛ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱም የግዥ ሰነድ ሲያዘጋጅ በአብዛኛው የሚጠየቀው ‹‹ስንት ኢንች ነው? ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?›› የሚል ነው። ውሃው ከመሬት ወለል ምን ያህል ይርቃል፣ ጉድጓዱስ በሰዓት ስንት ሊትር ያመነጫል የሚለው ግን ሳይነሣ ይታለፋል። ሞተር ቤንዚን እየጠጣ ውሃ የማያወጣው፣ ወይም ዓመት ሳይሞላው ተቃጥሎ መጋዘን የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ፓምፖች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በገበያ በብዛት የሚታየው ባለ 2 እና ባለ 3 ኢንች ሞተር የሚነዳው ዓይነት ነው። በውስጡ ያለው ባለ ክንፍ ሽክርክሪት በፍጥነት እየዞረ ውሃውን ወደ ዳር ይወረውረዋል። የሚሰጠው ውሃ እንደ ከፍታው ይለያያል፤ ማሳው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ይቀንሳል፤ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ደግሞ ሞተሩ ቢያጓራም ጠብታ አይወጣም። ሁለተኛው ውሃውን በተወሰነ ቦታ ከልሎ፣ መመለሻውን ዘግቶ ወደፊት የሚገፋው ነው። የሚገፋው አካል ፒስተን፣ በገመድ ላይ የተሰካ ጎማ፣ እርስ በርሳቸው የሚገጥሙ ጥርሶች ወይም ጠመዝማዛ ዘንግ ሊሆን ይችላል። በዚህኛው ዓይነት ከፍታው ቢጨምርም በአንድ ምት የሚወጣው ውሃ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የሚጨምረው የሚጠይቀው ጉልበት ነው።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። በጀርባው አዝሎ ፀረ ተባይ የሚረጭበት መርጫ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ለመጠጥ ውሃ በየቀበሌው የተተከለው አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕም ፒስተኑ ከታች ውሃው ውስጥ ስለሚቀመጥ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ያወጣል።

የሚገፋ ፓምፕ ጥሩ ጎኑ ሒሳቡን ማንም መሥራት መቻሉ ነው። የእግር ፓምፕን እንውሰድ። የፒስተኑ ቤት ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር፣ የምቱ ርዝመት 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በአንድ ምት 2 ነጥብ 3 ሊትር ገደማ ይገፋል። ሁለቱ ፒስተኖች እያንዳንዳቸው በደቂቃ 15 ጊዜ ቢረገጡ 70 ሊትር፣ በሰዓት 4 ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። ሩብ ሄክታር አትክልት በሞቃት ወር በቀን 12 ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ እየተቀያየረ ሦስት ሰዓት መርገጥ አለበት። ቀላል ሥራ አይደለም፤ ውሃው ከ5 ሜትር በላይ ከራቀ ደግሞ ጉልበት አይችለውም።

የገመድ ፓምፕ ሌላው አማራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኒካራጓ ውስጥ በገጠር የተስፋፋ፣ በአገር ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶችም የሚመረት ነው። ተሽከርካሪው ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ይሠራል፤ በገመዱ ላይ የተሰኩት ትንንሽ ጎማዎች በቱቦው ውስጥ እየወጡ ውሃውን ከበላያቸው ይዘው ይመጣሉ። ከ10 ሜትር ጥልቀት በደቂቃ 25 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ይህ ለሩብ ሄክታር አይበቃም፤ ለጓሮ አትክልት፣ ለችግኝ ጣቢያና ለከብት መጠጥ ግን ከበቂ በላይ ነው። ቢበጠስ ገመዱን የቀበሌው ሰው ራሱ ይቀጥለዋል።

በክልላችን ብዙም የማይነገረው ጉዳይ የአየር ግፊት ነው። ‹‹ሞተሩ ውሃ ይስባል›› ይባላል እንጂ በእርግጥ ውሃውን ወደ ቱቦው የሚያስገባው ከላይ የሚጫነው አየር ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ጫና ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ገደማ ያነሣል። 1800 ሜትር አካባቢ ባለው በፎገራ ሜዳ ወደ 8 ሜትር፣ ከ2700 ሜትር በላይ በሆነው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ ወደ 7 ሜትር ይወርዳል። የቱቦው ሰበቃና የመገጣጠሚያው ክፍተት ሲቀነስ በተግባር የሚቀረው ፎገራ ላይ 6፣ ደብረ ብርሃን ላይ 5 ሜትር ገደማ ነው። ሻጩ ‹‹8 ሜትር ይስባል›› ብሎ የሚያሳየው ጽሑፍ ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ሞተሩም በቀጭን አየር ውስጥ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ 1800 ሜትር ላይ ከአምስት አንድ እጅ የሚጠጋውን ያጣል።

ውሃው ሲርቅ ታዲያ አንዳንዶች የቤንዚን ሞተሩን ጉድጓዱ ውስጥ ያወርዱታል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ ሲከማች የወረደውን ሰው በደቂቃዎች ይገድላል፣ ሊያወጣው የሚወርደውንም አይምርም። የልማት ጣቢያ ባለሙያዎች ስለ ማዳበሪያ የሚያስተምሩትን ያህል ይህንንም ቢያስተምሩ መልካም ነው። ውሃው ከ6 ሜትር በላይ የራቀበት አርሶ አደር የሚገፋው አካል ከታች ውሃው ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ ያስፈልገዋል እንጂ የበለጠ የፈረስ ጉልበት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መለኪያ የጉድጓዱ አቅም ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለውና 3 ሜትር ውሃ የያዘ ጉድጓድ በውስጡ ያለው ውሃ 2300 ሊትር ያህል ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚያወጣ ባለ 3 ኢንች ሞተር በአራት ደቂቃ ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለ ውሃ ሲዞር ማኅተሙ ይቃጠላል። አቅሙን ለማወቅ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ውሃውን በባልዲም በሞተርም ዝቅ አድርጎ፣ በምልክት በተደረገበት ገመድ በግማሽ ሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተመለሰ መለካት ይበቃል። በአንድ ሜትር ስፋት እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር 78 ሊትር ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ከተመለሰ ጉድጓዱ በሰዓት 470 ሊትር፣ በሌሊትና ቀን 11 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይሰጣል ማለት ነው፤ ለሩብ ሄክታር እንኳ ለጥቂት አይበቃም። መለካት ያለበት ደግሞ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ነው፤ በጥቅምት ሁሉም ጉድጓድ ሀብታም ነው።

የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ለመግዛት ያሰቡ ወረዳዎች ስለ ጠመዝማዛ ዘንጉ ዓይነት ቢጠይቁ ይጠቅማቸዋል። በጠዋትና በደመና ሰዓት ሞተሩ በግማሽ ፍጥነት ሲዞር ይህኛው ግማሽ ያህል ውሃ ይሰጣል። ክንፋማው ግን በግማሽ ፍጥነት ማንሣት የሚችለው ከፍታ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፀሐይ እስክትበረታ ምንም ላይሰጥ ይችላል። የጠመዝማዛው ድክመት ዘንጉ የሚዞርበት የጎማ ቤት ነው። ውሃ ሲያጣ በጥቂት ጊዜ ይበላሻል፤ ውሃ ሲጎድል የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አብሮ መገዛት አለበት። አሸዋ የሚበዛበት ጉድጓድም ማጣሪያ ይፈልጋል።

የሚገፋ ፓምፕ ሁሉ አንድ የጋራ አደጋ አለው። መውጫው ተዘግቶ ሥራ ከቀጠለ ግፊቱ ቱቦው ወይም ፓምፑ እስኪፈነዳ ድረስ ይጨምራል። ክንፋማው ለአጭር ጊዜ ቢዘጋበት ውሃውን በውስጡ እያዞረ ይቆያል፤ ይህኛው ግን አይችልም። በሞተር የሚነዳ ከሆነ ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሊኖረው ግድ ነው።

ዘይት ለሚጨምቁና ወተት ለሚያቀነባብሩ ማኅበራትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እንደ ማር ያለ ወፍራም ፈሳሽ ክንፋማውን ያደክመዋል። ለዘይት ጥርስ ያለው ፓምፕ ይመረጣል፤ ዘይቱ ራሱ ጥርሶቹን ያለሰልሳቸዋል። ለውሃ ሲውል ግን ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ለእርጎና ለክሬም ጥርሶቹ የማይነካኩ፣ ቀስ ብሎ የሚገፋና የማይንጠው ዓይነት አለ።

ለግዥ ሰነድ አዘጋጆች ከኢንችና ከፈረስ ጉልበት በፊት የሚጻፉት ውሃው በግንቦት ያለው ርቀት፣ እስከ ማሳው ያለው ከፍታ፣ የጉድጓዱ የሰዓት አቅምና የአካባቢው ከፍታ ከባሕር ወለል ናቸው። የፒስተን ጎማ፣ ቫልቭና ጓርኒሲዮን የመሳሰሉ ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎች ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚበቃ መጠባበቂያ ከፓምፑ ጋር እንዲቀርብ በጨረታው ውስጥ መካተት ይኖርበታል፤ የአንድ ቀለበት ጎማ መጥፋት ሙሉ የበጋ ምርት ሊያሳጣ ይችላልና።