ካልመረረ ምኑ መድኃኒት ነው?

ከወልድያ በደሴው መንገድ ወርደን መርሳ ስንደርስ የሀብሩ ቆላ ይቀበለናል። መስኖው ማሳውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ ውኃ ግን የብልሃርዚያ ቀንድ አውጣም ይወደዋል። ልጆች እዚያው ይዋኛሉ፣ እዚያው ልብስ ያጥባሉ።

የብልሃርዚያን መድኃኒት፣ ፕራዚኳንተልን፣ የምናድለው በየትምህርት ቤቱ ነው። ሚዛን ከሌለ ልጁን የቁመት መለኪያው ዘንግ ሥር እናቆምና ባለ 600 ሚሊ ግራሙን ክኒን ስንት እንደሚውጥ እናያለን፤ የመጠኑ መነሻ ለአንድ ኪሎ 40 ሚሊ ግራም ነው። ቁርስ መብላቱን አስቀድመን እንጠይቃለን፤ ምግብ ማቅለሽለሹን ያቀላል፣ መድኃኒቱም በደንብ እንዲሰርጽ ይረዳል። ጣጣው ምሬቱ ነው። አንዳንዱ በጉንጩ ይዞ ይወጣና አጥር ጥግ ይተፋዋል። ትልልቅ ሰዎች «ካልመረረ ምኑ መድኃኒት ነው?» ይላሉ። ኮሶ እየጠጡ ያደጉ ናቸውና አልፈርድባቸውም።

ፕራዚኳንተል ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ክኒኑ ውስጥ እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚመሳሰሉ፣ ግን የማይገጣጠሙ ሁለት ሞለኪውሎች እኩል ለእኩል አሉ። የብልሃርዚያን ትል በዋናነት የሚያጠቃው አር የሚባለው ነው። ሌላው፣ ኤስ፣ ፈውስ ላይ እምብዛም የለም፤ ምሬቱ ላይ ግን አለ። አር ብቻውን ሲቀመስ ከድብልቁ በእጅጉ ያነሰ ይመራል።

ሁለቱን በደም ውስጥ ለይቶ መለካት ሌላ ሥራ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ የሚያውቀው የሞለኪውል ክብደት ነው፤ ሁለቱም 313 ላይ ይታያሉ፣ ሲሰበሩም ሁለቱም 203 ይሰጣሉ። ስለዚህ መለየቱ ቀድሞ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊው ቱቦ ውስጥ ማለቅ አለበት። ቱቦው ከሴሉሎስ ወይም ከአሚሎስ በተሠራ፣ ራሱ ግራና ቀኝ በሚለይ ቁስ ይሞላል፤ አንዱን ቶሎ ይለቀዋል፣ ሌላውን ያቆየዋል። መሣሪያው ተራ በተራ ሲደርሱት ይቆጥራቸዋል።

ይህ የቤተ ሙከራ ቅንጦት አይደለም። ሰውነት አርን ከኤስ ፈጥኖ ስለሚያስወግድ ደም ውስጥ የሚበዛው ብዙ ጊዜ ኤስ ነው። ሁለቱን ደምሮ «መድኃኒቱ በቂ ነው» የሚል ውጤት ቢመጣልኝ አላምነውም።

አሁን አር ብቻውን አርፕራዚኳንተል ተብሎ ተሠርቷል፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ባለ 150 ሚሊ ግራም ክኒን ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ደግፎታል፤ የተዘጋጀው ግን ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት ነው። እኛ ፊት የሚሰለፈው ተማሪ ከዚያ በላይ ስለሆነ የሚደርሰው ያው ድብልቁ ነው። እኔም ውጦ አፉን ከፍቶ እስኪያሳየኝ አልለቀውም።