ሞተር ብስክሌት ቤንዚን ሲያጣ

የክትባት ሣጥን ጭኖ ገጠር የወጣ ሠራተኛ ሞተሩ ሲጠፋበት «ፓምፑ ተበላሸ» ይላል፤ በረዶው ግን እየቀለጠ ነው። ካርቡራተር ያላቸው አብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ፓምፕ የላቸውም፤ ቤንዚኑ ከታንኩ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ስለዚህ አስቀድመው የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። ያን ጊዜ ሞተሩ ከተነሣ፣ የክዳኑ የአየር ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል ማለት ነው (በበጋ መንገድ ምን ይገርማል!)፤ አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም። በቀጭን ሽቦ ይጥረጉት። ካልተነሣ፣ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግተው ከሥሩ ዝቃጭ ማጠራቀሚያ ካለው ፈትተው ይጠቡ፤ ውኃና ዝገት የሚከማቸው በዚያ ነው። ይህን ከቤት ውጭ በቀን ይሥሩ፤ የቤንዚን ትነት በመሬት ተስቦ ራቅ ካለ ኩራዝ እንኳ እሳት ያነሣል። ከአዳዲሶቹ ሞተሮች ብዙዎቹ ግን የኤሌክትሪክ ፓምፕ አላቸው፤ ቁልፉ ሲዞር ድምፁ ካልተሰማ፣ ፓምፕ ከመግዛት በፊት ፊውዙንና ባትሪውን ይመልከቱ።