የትኛው ነው የገደላቸው?

እንዶድን የማያውቅ ማን አለ? ሳሙና እንደ ልብ ሳይገኝ እናቶቻችን ሸማ ያጠቡበት ነበር። ፍሬው ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ሊቅ አድዋ ላይ በወንዝ ዳር ያጠኑ ነበር። የሚያጠኑት ስለ ቢልሃርዚያ ነው። ቢልሃርዚያ ክፉ በሽታ ነው። የበሽታው ትል በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ያድጋል። ከዚያ ይወጣና ውሃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰውየው ሆዱን ያመዋል፤ ደም ያስቀምጠዋል፤ ሲቆይ ጉበቱ ይጎዳል።

ዶክተር አክሊሉ አንድ ነገር አዩ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቷል። ሌላ ቦታ ግን እንዲህ አይደለም።

እኛ ብንሆን «እንዶድ ገደላቸው» ብለን በሄድን ነበር። ቆይ! ከልብስ ማጠቢያው የሚወርደው እንዶድ ብቻ ነው እንዴ? የልብሱ እድፍ አለ። እግር ያደፈረሰው ጭቃ አለ። ታዲያ የትኛው ነው የገደላቸው?

ዶክተሩ ከማጠቢያው በላይ ካለው ውሃ ደኅና ቀንድ አውጣዎች ለቅመው በዕቃ አደረጉ። ከሚያጥቡት አንዷን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ብዙም ሳይቆይ ሞቱ። በኋላም የእንዶድ ፍሬ ብቻውን ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በቤተ ሙከራ ተፈተነ። እድፍ የለ፣ ጭቃ የለ፤ ያም ገደላቸው።

ተከራካሪ ተማሪ ግን አይጠፋም። «ዕቃ ውስጥ ስለታፈኑ ቢሆንስ?» ይላል። ደግ ጠየቀ! መልሱ ሁለተኛ ዕቃ ነው። ዕቃው እኩል፣ ውሃው ከአንድ ወንዝ፣ የቀንድ አውጣው ቁጥር እኩል፣ ጥላውም አንድ ይሁን። እንዶድ በአንዱ ብቻ ይጨመር። እንዶድ የሌለበት ዕቃ ማነጻጸሪያ ይባላል። እኛ የለወጥነው ነገር፣ ማለት እንዶዱ፣ ተለዋዋጭ ይባላል። ቃሉ ከበዳችሁ? ለያይታችሁ አንብቡት፦ ተ-ለ-ዋ-ዋ-ጭ። አንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከለወጥን የትኛው እንደሠራ አናውቅም።

(እንዶዱን ወንዝ ውስጥ አትሞክሩት፤ ዓሣም ይገድላል። ቀንድ አውጣ ለመልቀም ብላችሁም ባዶ እግራችሁን ውሃ አትግቡ።)

እናንተ መሞከር የምትችሉት በማሳ ላይ ነው። ስናስተምር አንድ ክርክር ደጋግሞ ይገጥመናል። አንዱ «አምና ፍግ ጨምሬ ስንዴው አማረልኝ» ይላል። ጎረቤቱ «የአምናው ዝናብ ነው እንጂ!» ይለዋል። ሁለቱም እስኪመሽ ቢከራከሩ አይተማመኑም። ፍጉም ዝናቡም በአንድ ዓመት መጥተዋላ!

ዘንድሮ እንዲህ አድርጉ። ከአንድ ማሳ ጎን ለጎን ሁለት እኩል መደብ ለኩ። አንዱ ተዳፋት፣ ሌላው ሜዳ እንዳይሆን። ሁለቱንም እኩል እረሱ። ከአንድ ጎተራ የወጣ ዘር፣ በአንድ ቀን፣ በእኩል መጠን ዝሩ። አረሙንም በአንድ ቀን አርሙ። ፍግ ለአንዱ ብቻ ስጡ። ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ይዘንባል፤ ስለዚህ በዝናብ ማሳበብ የለም። ቦታ ካላችሁ ሁለት ሦስት ቦታ ድገሙት፤ አንዱን መደብ ወፍ ሊያጠፋው ይችላል።

የትኛው መደብ ፍግ እንዳገኘ በደብተራችሁ ጻፉ። አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። እህሉ ሲደርስ የሁለቱን ለየብቻ ውቁና በአንድ ቁና ስፈሩ።