ውሉ የት አለ? የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪዎች የዝውውር ጭምጭምታ

የዝውውር ጭምጭምታ ማለት በፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም የትኛው አሽከርካሪ በሚቀጥለው ዓመት የየትኛውን ቡድን መኪና እንደሚይዝ፣ ቡድኑ በይፋ ከመናገሩ በፊት የሚወራውና የሚገመተው ሁሉ ነው። ስፖርቱን ከዳር የሚያይ ሰው ውድድሩ እሑድ ብቻ ያለ ይመስለዋል። ለወንበር የሚደረገው ፉክክር ግን ዓመቱን ሙሉ አያርፍም፤ በተለይ በአውሮፓ በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይጋጋላል። ብዙዎች ሐሜት ነው ብለው ይንቁታል። በትዕግሥት ለሚከታተለው ግን የስፖርቱን ሕግ፣ የሞተሩን ሥራና የገንዘቡን መንገድ በአንድ ላይ የሚያሳይ ትልቅ ትምህርት አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሠረቱ አጭር ነው። አንድ ቡድን 2 መኪና ያሰልፋል። በ2025 ቡድኖቹ 10 ስለነበሩ በዓለም ላይ የነበረው ወንበር 20 ብቻ ነበር፤ በ2026 ካዲላክ ሲገባ 22 ሆነ። ተጠባባቂ አሽከርካሪ ቢኖርም ዋናው ካልታመመ ወይም ካልተነሳ በውድድር መሪ አይጨብጥም።

ይህን ለመረዳት የእስቴ መካነ ኢየሱስ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ መናኸሪያው ይበቃዋል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር የሚመላለሱት መኪኖች የታወቁ ናቸው፤ መንጃ ፈቃድ ይዞ መኪና የሚፈልገው ሹፌር ግን ከመኪናው ይበልጣል። አንድ ጎበዝ ሹፌር ከባለንብረቱ ጋር ተቀያየመ፣ ወይም አዲስ መኪና ያስገባ ሰው አስጠራው ከተባለ ወሬውን መጀመሪያ የሚያወጣው ረዳቱ ነው። ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ እሱ የለቀቀውን ማን ሊይዘው ነው? የሚይዘውም በተራው ሌላ መኪና ጥሎ ስለሚመጣ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ አራት ሰው ቦታ ይለውጣል።

በፎርሙላ ዋን ይህ ሰንሰለት ጎልቶ የታየው በ2024 ነው። የ7 ጊዜ ሻምፒዮኑ ሉዊስ ሃሚልተን ኦገስት 31 ቀን 2023 ከመርሴዲስ ጋር ያለውን ውል እስከ 2025 መጨረሻ ማራዘሙ ተነግሮ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024፣ በ2025 ወደ ፌራሪ እንደሚሄድ ተገለጸ። የተራዘመው ውል ከአንድ ዓመት በኋላ መውጣት የሚያስችል አንቀጽ ነበረበት። በዚያው ቀን ካርሎስ ሳይንዝ ከ2025 ጀምሮ የፌራሪ ወንበሩን እንደሚያጣ ታወቀ፤ የ2024 ውድድር ገና አልተጀመረም ነበር። ሳይንዝ በማርች የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና አድርጎ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሜልበርን አሸነፈ፤ እንዲያም ሆኖ ከታላላቆቹ ቡድኖች የወሰደው አልነበረም፤ በጁላይ ለዊሊያምስ ፈረመ። ሃሚልተን የለቀቀውን የመርሴዲስ ወንበር የ18 ዓመቱ ኪሚ አንቶኔሊ ያዘ።

አሽከርካሪ ለምን ይዛወራል ሲባል ደመወዝ ብቻ የሚታያቸው አሉ። ደመወዙ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አሽከርካሪውን የሚስበው የሚመጣው መኪና ነው። በዚህ ስፖርት ጎበዝ ሰው በደካማ መኪና አያሸንፍም። አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮ በ1950ዎቹ 5 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በ4 የተለያዩ ፋብሪካዎች መኪና ነው፤ አልፋ ሮሜዮ፣ ማዜራቲ፣ መርሴዲስና ፌራሪ። የትኛው ፋብሪካ ለሚቀጥለው ዓመት ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ የሙያው ግማሽ ነበር። እስካሁን ብቸኛው አፍሪካዊ ሻምፒዮን የሆነው ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተርም በ1979 ወደ ፌራሪ በገባበት ዓመት ነው ዋንጫውን ያነሣው። ሃሚልተን በሴፕቴምበር 2012 ከማክላረን ወደ መርሴዲስ ሊሄድ ነው ሲባል ብዙ ሰው አዘነለት፤ መርሴዲስ በ2010 ከተመለሰ ወዲህ ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነበር። በ2014 ግን የሞተር ሕጉ ተለወጠ፤ መርሴዲስ ለዚያ ሞተር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሃሚልተን እዚያ 6 ዋንጫ አገኘ። የሞተር ሕግ የሚለወጥበትን ዓመት ሳያይ ወሬ የሚያወራ ሰው ግማሹን ወሬ ትቶታል።

አሁን ወደ ውሉ። በአማርኛ ‹‹ውል›› ሁለት ነገር ነው፦ የስምምነት ወረቀትም፣ የልቃቂት ክር ጫፍም። ፈታይ ሴት ልቃቂቱን ይዛ መጀመሪያ የምትፈልገው ውሉን ነው፤ ውሉ ከጠፋ ክሩ ይተበተባል። የዝውውር ጭምጭምታ የሚተበተበውም ሰዎች ውሉን ሳይዙ መሐሉን ስለሚጎትቱ ነው። በተለይ ሥር የሰደደው ስሕተት ‹‹ፈረመ ከተባለ አለቀ›› የሚለው ነው። ፊርማው የት ላይ እንዳረፈ፣ ምን ዓይነት ወረቀት ላይ እንዳረፈ ሳይጠየቅ የሚያልቅ ነገር የለም። ይህን ከ1991ዱ የሚካኤል ሹማኸር ታሪክ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ የጆርዳን ቡድን አሽከርካሪ ቤርትራንድ ጋሾ ለንደን ውስጥ ታሰረ፤ ከታክሲ ሹፌር ጋር ተጣልቶ አስለቃሽ ጋዝ ረጭቶበት ነበር። የቤልጂየም ውድድር በደጅ ስለነበር ወንበሩን የሚይዝ ሰው በአስቸኳይ ተፈለገ። መርሴዲስ ያሳደገው የ22 ዓመት ጀርመናዊ ሹማኸር መጣ። ይህን መኪና ይዞ ውድድሩ በሚካሄድበት በስፓ ተወዳድሮ አያውቅም፤ ቢሆንም በመነሻ ሰልፍ 7ኛ ሆነ። እሑድ ዕለት ግን ከተነሣ ጥቂት መቶ ሜትር እንደሄደ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለና ቆመ። ያቺ እሑድ በውጤት መዝገብ ላይ ባዶ ናት። በውድድሩ መንደር ግን ሁሉም ሰው ያየውን አይቷል።

የቡድኑ ባለቤት ኤዲ ጆርዳን ይህ ልጅ እንዳይነጠቅባቸው አስበው ከውድድሩ በፊት ደብዳቤ አዘጋጅተው ነበር። ደብዳቤው ሹማኸር ከቡድኑ ጋር የተዘጋጀውን የአሽከርካሪ ውል እንደሚፈርም የሚያረጋግጥ ነበር። የሹማኸር ወገን ከመፈረሙ በፊት አንድ ትንሽ ቃል ለወጠ። በእንግሊዝኛ ነገሩ የታወቀ መሆኑን የምታሳየውን ቃል አንሥቶ የማይታወቀውን የምታሳየውን አስገባ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ በጣም ግልጽ ነው። ‹‹ውሉን እፈርማለሁ›› ያለ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ ሁለቱም ወገን የሚያውቁትን ወረቀት ማለቱ ነው። ‹‹ውል እፈርማለሁ›› ያለ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ውል ማለቱ ነው፤ ምን እንደሚልም ገና አልታወቀም። እኛ በቃሉ መጨረሻ ላይ በምንጨምራት ‹‹ኡ›› የምንለየውን ልዩነት እነሱ በአንዲት ቃል ለዩት፤ የአንድ ቡድን ዕጣም በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በሁለት ሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር 8፣ ሹማኸር ጣሊያን ሞንዛ ላይ በቤኔተን መኪና ታየና 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። ጆርዳን ለንደን ፍርድ ቤት ሄደው ሊያስቆሙት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ለሹማኸር ሲባል ከቤኔተን ወንበሩ የተነሣው ብራዚላዊው ሮቤርቶ ሞሬኖ ሚላን ላይ ከሰሰ፤ በካሳ ተስማምቶ ለዚያው ውድድር የጆርዳንን መኪና ያዘ። ሹማኸር በ1994 እና በ1995 በቤኔተን ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ ግርግር በኋላ የውል ዕውቅና ቦርድ የሚባል አካል ተቋቋመ። መቀመጫው ጄኔቫ ነው። ቡድኖች ከአሽከርካሪ ጋር የገቡትን ውል እዚያ ያስመዘግባሉ፤ ሁለት ቡድን አንድን ሰው የኔ ነው ካሉ የሕግ ባለሙያዎች ተቀምጠው የትኛው ውል እንደሚጸና ይወስናሉ። ውሉ ውስጥ ያለው ለአደባባይ አይወጣም። ስለ ፎርሙላ ዋን አብዝቶ ከሚያወራው ሰው ይህን ቦርድ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ጭምጭምታውን እውነት ወይም ውሸት አድርጎ የሚለየው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

በ2004 ጄንሰን ባተን ከቢኤአር ወደ ዊሊያምስ ሊሄድ ነው ተብሎ በይፋ ተነገረ። ቢኤአር የማራዘም መብቴን ተጠቅሜያለሁ አለ፤ ጉዳዩ ቦርዱ ዘንድ ቀረበ፤ በኦክቶበር ቦርዱ ለቢኤአር ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። ባተን ለ2006 ከዊሊያምስ ጋር የጸና ውል ነበረው፤ አሁን ግን መሄዱን አልፈለገም። ዊሊያምስን ካሳ ከፍሎ ቀረ። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ስምምነቱን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ከውል መውጣት ይቻላል፤ የመውጫው ዋጋ ግን አስቀድሞ ይታወቃል። ባተን ለመቅረት የከፈለበት ያ የቢኤአር የብራክሊ ፋብሪካ ስሙን ሆንዳ፣ ቀጥሎ ብራውን አለ፤ በ2009 ባተን እዚያው ሻምፒዮን ሆነ። በ2010 ፋብሪካው መርሴዲስ ሆነ፤ ሃሚልተን በ2013 የሄደው እዚሁ ነው።

የ2022ቱ የኦስካር ፒያስትሪ ጉዳይ ደግሞ የሹማኸርን ደብዳቤ ያስታውሳል። ጁላይ 28 ሴባስቲያን ፌትል ሊያቆም እንደሆነ ተናገረ። ኦገስት 1 ፌርናንዶ አሎንሶ ከአልፒን ተነሥቶ የፌትልን ወንበር በአስተን ማርቲን እንደሚይዝ ተገለጸ፤ የአልፒን ኃላፊ ነገሩን የሰሙት ከመግለጫው ነው። አልፒን በማግስቱ የራሱን ልጅ ፒያስትሪን በአሎንሶ ቦታ መመደቡን አወጀ። ፒያስትሪ በዚያው ዕለት ውል አልፈረምሁም፣ ለአልፒንም አልነዳም አለ። ቦርዱ ሴፕቴምበር 2 በአንድ ድምፅ የወሰነው የሚታወቀው ብቸኛ ውል ጁላይ 4 ከማክላረን ጋር የተፈረመው ነው ብሎ ነው። አልፒን በእጁ የነበረው የስምምነት ነጥቦችን የያዘ ወረቀት እንጂ የሚያስገድድ ውል አልነበረም። ልጁን ያሳደገ፣ ያሠለጠነ፣ በሙከራ መኪና ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ያስነዳ ቡድን ወረቀቱን በጊዜው ባለማስፈረሙ አጣው።

ውል ይዞ ወንበር ማጣትም አለ። በ2015 መጀመሪያ የዛውበር ቡድን ከወንበሩ በላይ ለሆኑ ሰዎች ውል ሰጥቶ ተገኘ። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ደር ጋርደ የአውስትራሊያ ውድድር ሊጀመር ሲል የቪክቶሪያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ረታ። ዓርብ ዕለት ሜልበርን ላይ የቡድኑን አሽከርካሪ የማርከስ ኤሪክሰንን የውድድር ልብስ ለብሶ በቡድኑ ጋራዥ ቆመ። በፍርድ የረታው ሰው የቆመው የሌላ ሰው ልብስ ውስጥ ሆኖ፣ ወንበሩ ለእሱ ሳይለካ ነው። በመጨረሻ ካሳ ተቀብሎ መብቱን ተወ፤ ከዚያ በኋላ በፎርሙላ ዋን አልተወዳደረም።

የሬድ ቡል ነገር ለብቻው ነው። ድርጅቱ 2 ቡድን ስላለው ሰው የሚያዛውረው ከጓዳ ወደ ሳሎን እንደማለት ነው፤ ቦርድም ካሳም አያስፈልገውም። ማክስ ፌርስታፔን በሜይ 2016 ከታናሹ ቡድን ወጥቶ የዳኒል ክቪያትን መኪና ያዘና በዚያው በመጀመሪያው ውድድር ስፔን ላይ አሸነፈ። ሊያም ሎውሰን በ2025 በዋናው ቡድን 2 ውድድር ብቻ አድርጎ ወደ ታናሹ ተመለሰ። ራሱ ፌርስታፔን እስከ 2028 ውል አለው፤ ሆኖም በ2025 የአውሮፓ በጋ ወደ መርሴዲስ ሊሄድ ነው የሚለው ወሬ ለሳምንታት አልበረደም፤ ሃንጋሪ ላይ ጁላይ 31 በ2026 እንደሚቀር እስኪናገር ድረስ። ወሬው ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ውሉ ውስጥ ውጤት ከወረደ የሚከፈት በር መኖሩን የሬድ ቡል አማካሪ የነበሩት ሄልሙት ማርኮ ራሳቸው ተናግረዋል።

መሐንዲሶችም ይዛወራሉ፤ አድሪያን ኒዊ በሜይ 2024 ከሬድ ቡል እንደሚለቁ ተነግሮ በአስተን ማርቲን ሥራ የጀመሩት በማርች 2025 ነው። በመሐሉ ያለው ጊዜ የያዙት ምሥጢር እንዲያረጅ ነው።

ኢትዮጵያ በፎርሙላ ዋን አሽከርካሪ የላትም፤ በታላላቅ የእሽቅድምድም ቡድኖች መካከል የተዛወረ ልጅ ግን አላት፤ በብስክሌት። ጽጋቡ ግርማይ ከደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ኩቤካ ተነሥቶ በ2015 ጣሊያን ላምፕሬ ሜሪዳ ገባ፤ በ2016 በዚሁ ቡድን ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2017 ባሕሬን ሜሪዳ፣ በ2018 ትሬክ ሴጋፍሬዶ፣ በ2019 ሚቸልተን ስኮት፤ በአምስት ዓመት አራት ማልያ ለበሰ። በብስክሌቱ ዓለም የዝውውሩ በር በዓለም አቀፉ ማኅበር ደንብ ኦገስት 1 ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት የሚነገረው ሁሉ ጭምጭምታ ነው። በፎርሙላ ዋን እንዲህ ያለ ቀን የለም፤ የሃሚልተን ዝውውር በፌብሩዋሪ፣ የአሎንሶ በኦገስት የተነገረው ለዚህ ነው።