«በክቡ ላይ» ያለ ነጥብ የት ነው? በሒሳብ ፈተና ትርጉም ስለሚያጋጥም አንድ ችግር

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ የተሰማራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለስሞች አቻ ለማግኘት ነው። ይሁንና ችግሩ ከስሙ ሳይሆን ስሙን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ከሚያያይዘው ትንሽ ቃል የሚመነጭበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ስለ ክብ በሚቀርቡ የኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ ጥያቄዎች ውስጥ «ላይ» የሚለው መስተዋድድ የሚያስከትለውን የትርጉም መዛባት እንመረምራለን፤ መፍትሔ ይሆናል የምንለውንም እናቀርባለን።

በአሜሪካ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚወሰዱት ፈተናዎች አንዱ የሆነው ኤስ ኤ ቲ የክብን እኩልታ የሚመለከቱ ጥያቄዎችን ያካትታል። በዚያ አገር ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በኮምፒዩተር በሚሰጠው ፈተና የሒሳቡ ክፍል 44 ጥያቄዎች ሲኖሩት የተመደበው መደበኛ ጊዜ 70 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው 95 ሰኮንድ ያህል ብቻ ነው። ፈተናው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ በየትምህርት ቤቱ በሚሰጥበት ጊዜ እንግሊዝኛን ገና በመማር ላይ ያሉ ተማሪዎች ቃልን በቃል ብቻ በሚተኩ፣ ፍች በማይሰጡ የተፈቀዱ መዝገበ ቃላት ሊጠቀሙ ይችላሉ። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪም ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው መዝገብ ማብራሪያ ስለሌለ የትርጉሙን ሸክም ሁሉ የሚሸከመው አቻው ቃል ነው።

ለምሳሌ የሚከተለውን ጥያቄ እንመልከት። በአግድም የሚለካውን ሀ፣ በቁም የሚለካውን ለ ብለን፣ የአንድ ክብ እኩልታ ሀ² + ለ² − 6ሀ + 8ለ = 0 ቢሆን፣ ከነጥቦቹ (3፣ −4)፣ (4፣ −2)፣ (0፣ 0) እና (9፣ 0) መካከል «በክቡ ላይ» የሚገኘው የትኛው ነው?

አሠራሩ የታወቀ ነው። ሀ ያለባቸውን ለብቻ፣ ለ ያለባቸውንም ለብቻ ሰብስበን ሁለቱን ወደ ሙሉ ዳግም ርቢ ለማምጣት በግራና በቀኝ 9 እና 16 ስንደምር (ሀ − 3)² + (ለ + 4)² = 25 ይሆናል። ስለዚህ የክቡ ማዕከል (3፣ −4)፣ ሬዲየሱ 5 ነው። እዚህ ላይ ሬዲየሱ 25 ሳይሆን የ25 ዳግም ዘር መሆኑን፣ በማዕከሉም የምልክቶቹን መገልበጥ መዘንጋት የተለመደ ስሕተት ነው። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ነጥብ ከማዕከሉ ርቀት በዳግም ርቢ ብንለካ በቅደም ተከተል 0፣ 5፣ 25 እና 52 እናገኛለን። ከ25 ጋር እኩል የሆነው የ(0፣ 0) ብቻ ስለሆነ መልሱ እርሱ ነው።

ስሌቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ አማርኛው ሌላ ነገር ይናገራል። «እንጀራው በምጣዱ ላይ ነው» ስንል እንጀራው በምጣዱ ጠርዝ ላይ ነው ማለታችን አይደለም፤ በገጹ ላይ ተዘርግቷል ማለታችን ነው። በዚሁ ልማድ «በክቡ ላይ» የሚለውን ያነበበ ሰው ማዕከሉን (3፣ −4)ንም፣ በውስጡ ያለውን (4፣ −2)ንም መልስ አድርጎ ሊቈጥር ይችላል። ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ተገኘ ማለት ነው። ሒሳቡን በትክክል የሠራ ተማሪ በቋንቋ ምክንያት ይሳሳታል።

የችግሩ ሥር «ክብ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። «ልጆቹ ክብ ሠርተው ቆሙ» ሲባል መካከሉ ባዶ ነው፤ ቃሉም «ከበበ» ከሚለው ግሥ ጋር ያለውን ዝምድና እንደ ጠበቀ ነው። «ክብ ዳቦ» ሲባል ግን የታሰበው መካከሉ የሞላ ነገር ነው። ይህ የአማርኛ ጉድለት ነው ለማለት አይቻልም። ኤውክሊድ ራሱ ክብን በአንድ መስመር የታጠረ ጠፍጣፋ ቅርጽ ብሎ ስለ በየነው ውስጡም ተጨምሮበታል። ዛሬም «የክብ ስፋት» ስንል የምንለካው ውስጡን ነው። የኮኦርዲኔት ዘዴ፣ በተለይም ዴካርት በ1637 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ሥራ፣ መስመርን በእኩልታ መግለጽን ካስተማረ በኋላ ግን የክብ እኩልታ የሚይዘው ዙሪያውን መስመር ብቻ ሆኗል።

ታዲያ «ላይ»ን በምን እንተካው? «በክቡ ዙሪያ» የሚለው አይረዳም፤ «በከተማው ዙሪያ ያሉ መንደሮች» ከከተማው ውጭ እንደሆኑ ሁሉ ነጥቡን ወደ ውጭ ያወጣዋል። «በክቡ ጠርዝ ላይ» የሚለው ይሻላል፤ ነገር ግን ክቡን ጠርዝ ያለው ጠፍጣፋ አካል ያደርገዋል። እኛ የምንመርጠው «ክቡ የሚያልፍበት ነጥብ» የሚለውን ነው። የሚያልፍ መስመር እንጂ ገጽ ስላልሆነ፣ «ማለፍ» የሚለው ግሥ «ክብ»ን ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ወደ መስመርነቱ ይመልሰዋል። ዓረፍተ ነገሩ መስተዋድድን የግድ ሲጠይቅ ደግሞ «በክቡ መስመር ላይ» ማለት ይቻላል። «በክቡ ውስጥ» እና «ከክቡ ውጭ» የሚሉት እንዳሉ ቢቀመጡ ችግር የለባቸውም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከአንድ ጥያቄ ያለፈ ነው። ለእንግሊዝኛው ስም «ክብ»፣ ለመስተዋድዱም «ላይ» ተብሎ ቢመዘገብ ሁለቱም አቻዎች ትክክል ናቸው፤ ሲጋጠሙ ግን የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ይሰጣሉ። ስለሆነም የሒሳብ ሙያዊ ቃላትን የሚያዘጋጁ ሰዎች ስሞችን ብቻ ሳይሆን ስሞቹ በጥያቄ ውስጥ የሚገቡባቸውን ቋሚ ሐረጎችም ራሳቸውን ችለው እንዲመዘግቡ እናሳስባለን። በ95 ሰኮንድ ውስጥ መልስ የሚፈልግ ተማሪ መስተዋድድን የሚመረምርበት ጊዜ የለውም፤ ምርመራው አስቀድሞ በእኛ ሊሠራ ይገባል።