ፍርስራሹ ከደጃፍዎ ተነሥቶ የት ይደርሳል?

ክረምቱ ሳይገባ አሮጌውን ማድ ቤት አፍርሰው በብሎኬት ሊያሠሩ አስበዋል እንበል። ግንበኛውን አነጋግረዋል፤ የብሎኬቱንና የሲሚንቶውን ዋጋ አጠያይቀዋል፤ ለሠራተኞቹ ምሳና ቡና እንኳ ሳይቀር ገንዘብ ለይተዋል። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ወጪ አለ፤ ይኸውም የሚፈርሰውን ጭቃ፣ ድንጋይና ስብርባሪ የማስነሻው ወጪ ነው። ትዝ የሚለን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በደጅ የሚያልፈውን ባለጋሪ ጠርተን «እስቲ ይህን ነገር ከፊቴ አንሣልኝ» እንላለን። በዋጋው እንከራከራለን እንጂ የት እንደሚደፋው አንጠይቅም። ዛሬ ልናወያይዎ የፈለግነው ስለዚሁ ሳይጠየቅ ስለሚቀረው ነገር ነው።

በመጀመሪያ መጠኑን እናስላ። ወርዱም ርዝመቱም 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል፣ የግድግዳው ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ማድ ቤት ሲፈርስ 6 ሜትር ኩብ ያህል ፍርስራሽ ይወጣዋል። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ ጭቃ ከ12 እስከ 15 ኩንታል ስለሚመዝን ጠቅላላው ከ70 ኩንታል በላይ ነው ማለት ነው። በአንድ ጊዜ 4 ኩንታል የሚጭን የአህያ ጋሪ ይህን ለመጨረስ ወደ 20 ጊዜ መመላለስ አለበት። 40 ኩንታል የሚጭን የጭነት መኪና ከሆነ ግን ሁለት ምልልስ ይበቃው ይሆናል።

በአዲስ አበባ በየሠፈሩ የሚቆሙት የቆሻሻ ገንዳዎች 8 ሜትር ኩብ ይይዛሉ። የአንድ ማድ ቤት ፍርስራሽ ብቻ አንዱን ገንዳ ሊሞላው ምንም አይቀረው። ስለዚህ ለቤት ጥራጊ የተቀመጠ ገንዳ ውስጥ ድንጋይና ጭቃ መጨመር ትክክል አይደለም። ለማንሻው መኪና ይከብዳል፤ የጎረቤትዎ ጥራጊም ቦታ አጥቶ መሬት ላይ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ከሚሴን ይመልከቱ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ከደሴ ተራሮች የሚነሣው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ በጨፋ ሜዳ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ ወራት ጨፋ ለብዙ አርብቶ አደሮች ከብት መሰማሪያ ነው። ባለጋሪው መንገድ ለማሳጠር ሲል ፍርስራሹን በቦይ ወይም በወንዝ ዳር ቢደፋው ምን እንደሚከተል ማሰብ አያስቸግርም። ቦዩ ይደፈናል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ወደ ሰው ቤት ይገባል። የቀረው ውሃ ደግሞ ያቁራል። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት አገር የወባ ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ለመብረር ሁለት ሳምንት እንኳ አይፈጅባትም። ሚስማርና ቁርጥራጭ ሽቦ ከሣር ጋር የዋጠች ላምም ሆዷ ተወግቶ ልትሞት ትችላለች። የላሟ ባለቤት ምናልባት ለልጆችዎ ወተት የምታመጣልዎ እናት ትሆን ይሆናል።

ከፊታችን የተነሣ ቆሻሻ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ፊት ያርፋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ መካከል በክምሩ አጠገብ የሚኖሩ እናቶችና ሕፃናት ይገኙበታል። ያ ክምር ለብዙ ዓመታት ከየደጃፋችን «ተነሥቶ የሄደው» ነበር።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? ዋናው ነገር የሚጫነውን መቀነስ ነው። ቤቱ በአንድ ቀን ተንዶ እንዲከመር አያድርጉ፤ በየተራ ይፈታ። ቆርቆሮውና ደህናው እንጨት ለሌላ ሥራ ይቀመጥ፤ ብረቱንና ጠርሙሱን ቆራሌው ይገዛዎታል። ድንጋዩ ለአዲሱ ቤት መሠረት ይሆናል፤ ከሚስማርና ከስባሪ የጸዳው ጭቃም ለወለል መሙያ ይሆናል። ቀለም የተቀባ እንጨት ግን ጭሱ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል እንጀራ አይጋግሩበት። መለየቱ አዲስ አሳብ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የየቤቱ ኃላፊ ተመልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለተረፈው ማንሻ ይከራዩ። አስቀድመው ፍርስራሽ የሚደፋበትን የተፈቀደ ስፍራ ከቀበሌዎ ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ይጠይቁ። ከባለጋሪው ወይም ከሾፌሩ ጋር ሲስማሙ ዋጋውን በምልልስ ቁጥር ይነጋገሩ፤ የሚደፋበትን ስፍራም በግልጽ ይንገሩት። በመጀመሪያው ጉዞ ከቤትዎ አንድ ሰው አብሮ ይሂድ። የሒሳቡን ግማሽ ሥራው ሲያልቅ ይክፈሉ። ፍርስራሹ ከመዛቁ በፊት ውሃ ይርከፈከፍበት፤ ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎችም ከአቧራው ይራቁ።

ለአንድ ቤት መኪና መከራየት ይከብድ ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ቤታቸውን የሚያድሱ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ቢኖሩ፣ በሬ ገዝቶ ቅርጫ እንደሚከፋፈል ሰው፣ የመኪናውን ኪራይ ቢከፋፈሉት ለእያንዳንዱ ይቀላል። ይህን ለመመካከር ደግሞ ከቡና ሰዓት የተሻለ ጊዜ የለም።

ውድ አንባቢያችን፣ ንጹሕ ግቢ የሚመሰገነው የጎረቤትን ቦይ ሳይደፍን ሲጸዳ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ባለጋሪው በደጅዎ ሲቆም፣ «ስንት ታስከፍለኛለህ?» ከማለትዎ በፊት «የት ትደፋዋለህ?» ብለው ይጠይቁት።